ስንቁን የከፈለው ማን ነው?

ቦርሳ በጀርባ አዝሎ ከጓደኛ ጋር የምዕራብ አውሮፓን ከተሞች ስለ መዞር ሲነሳ ወሬው ብዙውን ጊዜ በባቡሩ፣ በሙዚየሙና በርካሹ አልጋ ላይ ያተኩራል። ተቃቅፎ ሄዶ ተኮራርፎ የመመለሱ ነገር ግን እንደ ቀልድ ይነሳና ይታለፋል፤ ምክንያቱ ከተጠየቀም “ጠባያቸው አልገጠመም” ይባላል። ያለፉትን ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ የጉዞ ታሪክ ለሚያገላብጥ ሰው ግን ከጠባይ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ስንቁን የከፈለው ማን ነው? በእኔ እምነት የጀርባ ቦርሳ ለአውሮፓ ጉዞ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ሁለት መንገደኞችን በወጪም በሸክምም እኩል ማድረጉ ነው። ርካሽነቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባላባት ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ፈረንሳይና ጣሊያን መላክ የተለመደ ነበር። አብሮት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ አባቱ የቀጠረለት ሞግዚት መምህር ነው፤ ደመወዝተኛ ስለሆነ ባልንጀራ ሊባል አይችልም። ሆራስ ዋልፖል ግን በ1739 ከአገሩ ሲወጣ ከልጅነቱ ጀምሮ በኢተን ትምህርት ቤት አብሮት የተማረውን ቶማስ ግሬይን ይዞ ሄደ። ዋልፖል የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሮበርት ዋልፖል ልጅ ነው። ግሬይ ደግሞ እናቱ ለንደን ውስጥ ከእህቷ ጋር የሴት ባርኔጣ እየሸጠች ያስተማረችው ልጅ ነው፤ በኋላ የታወቀ ገጣሚ ይሆናል። ወጪውን ሁሉ የሸፈነው ዋልፖል ነበር። ፓሪስን አዩ፤ ፈረንሳይኛ ለመማር ሬምስ ከረሙ፤ ኅዳር ላይ አልፕስን ሲሻገሩ የዋልፖልን ትንሽ ጥቁር ውሻ ተኩላ በጠራራ ፀሐይ ከሠረገላው አጠገብ አንቆ ወሰደው። ፍሎረንስ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጡ፤ መሀል ላይ ሮምንና ኔፕልስን አይተው ተመለሱ። ከዚያ በግንቦት 1741 ሬጂዮ በምትባለው የሰሜን ጣሊያን ከተማ ተጣሉና ግሬይ ወደ ቬኒስ ሄደ። እንደገና የታረቁት በ1745 ነው።

እዚህ ላይ “የነዚህ ሰዎች ጠብ ከገንዘብ ጋር ምን አገናኘው? አንዱ ጭፈራና ግብዣ ወዳድ፣ ሌላው የጥንት ፍርስራሽ ሲመረምር የሚውል ሰው ነበር” የሚል ተከራካሪ ይነሳል። ትክክል ነው፤ ፍላጎታቸው ሰማይና ምድር ነበር። ነገር ግን ግሬይ ከሞተ በኋላ በ1773 ዋልፖል ራሱ የግሬይን የሕይወት ታሪክ ይጽፍ ለነበረው ሰው በላከው ደብዳቤ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዷል። የጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ መሆኔ አሳብጦኝ፣ ውለታዬ እንዳለበት የማውቀውን ጓደኛ ዝቅ አድርጌ አየሁት ሲል እያፈረ ተናዝዟል። የፍላጎት ልዩነትማ በየትኞቹም ጓደኛሞች መካከል አለ። ልዩነቱን ወደ ቂም የቀየረው አንዱ “እኔ እየከፈልኩ” ማለት መቻሉ፣ ሌላው ደግሞ “እንግዲያው በየፊናችን” ለማለት የኪሱን ነገር ለማሰብ መገደዱ ነው። ውለታ ያለበት ሰው “ዛሬ ግብዣ አልሄድም፤ ቤተ ክርስቲያኑን ልይ” ማለት ይከብደዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከብደው ደግሞ ሬጂዮ ላይ ይፈነዳል።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሆነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በሐምሌ 1790 ዊልያም ዎርድስዎርዝና ሮበርት ጆንስ የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች የፈረንሳይ አብዮት አንደኛ ዓመት በሚከበርበት ቀን ዋዜማ ካሌ ወደብ ወረዱ። እያንዳንዳቸው የያዙት 20 ፓውንድ ገደማ ነው። ዎርድስዎርዝ ከስዊዘርላንድ ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ከሁሉ የሚገርመኝ የልብሱ ነገር ነው፦ ለጉዞው ብለው ያሰፏቸው ቀላል ኮቶች ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ ነበሩ። በእጃቸው የዛፍ በትር፣ ጭንቅላታቸው ላይ ደግሞ ጓዛቸውን ተሸክመው ሲያልፉ የመንደሩ ሰው ቆሞ ይስቅባቸው ነበር። (ዎርድስዎርዝ ራሱ ከሦስት ዓመት በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ ጓዙ ከጭንቅላት ወርዶ ትከሻ ላይ ይገኛል፤ ገጣሚ ነውና እንለፈው።) ኮሞ ሐይቅ ዳር የጣሊያኖቹ የሰዓት አቆጣጠር ከእንግሊዙ ስለሚለይ የደወሉን ድምፅ ተሳስተው ሊነጋ ነው ብለው ገና ሌሊት ሳለ ተነሡና ጫካ ውስጥ ጠፉ። የሁለት ዓይነት ሰዓት ጣጣ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በመጨረሻ ባዝል ላይ ጀልባ ገዝተው በራይን ወንዝ እስከ ኮሎኝ ወረዱ። ዎርድስዎርዝ ከዚህ ጉዞ የተወለደውን ግጥም በ1793 ሲያሳትም መታሰቢያነቱን ለጆንስ ሰጠ። በዚያው የመታሰቢያ ጽሑፍ ላይ በሠረገላ ተንጋለው በሚሄዱ ሁለት ጓደኛሞችና እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ትንሽ ቦርሳ ተሸክመው ጎን ለጎን በሚያዘግሙ ሁለት መንገደኞች መካከል ትልቅ ልዩነት እንዳለ ጽፏል። የዋልፖልና የግሬይ ታሪክ ምን እንደ ጎደለው ከዚህ በላይ የሚናገር ምስክር አላገኘሁም።

“ጭራሽ ለብቻ መሄድስ?” የሚል አለ። ዊልያም ሃዝሊት በ1822 ባሳተመው ጽሑፍ በእግር መንሸራሸር ለብቻ ነው የሚጥመው ብሎ አጥብቆ ተከራክሯል። ሰዎች የሚዘነጉት ግን እዚያው ጽሑፍ ላይ ባዕድ አገርን ለይቶ ማውጣቱን ነው፤ ቋንቋውን በማያውቁት ምድር የራስን ቋንቋ አልፎ አልፎ ለመስማት ጓደኛ ያስፈልጋል ይላል። ፓትሪክ ሊ ፈርመር በ1933 መጨረሻ በ18 ዓመቱ ከሆላንድ ተነሥቶ እስከ ቁስጥንጥንያ ለብቻው በእግሩ ለመሄድ ጀመረ፤ ተሳካለትም። ሙኒክ ላይ ግን የጀርባ ቦርሳውን ማረፊያው ትቶ ቢራ ሊጠጣ በወጣበት ማታ ፓስፖርቱ፣ ማስታወሻ ደብተሩና ገንዘቡ ከነቦርሳው ተሰረቀ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ዕቃ ይጠብቃል፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ከነትርጉሙ ይሄ ነው።

ይህን እኩልነት ከሁለት ተማሪዎች አውጥቶ ለሕዝብ ያደረሰው አልጋና ትኬት ነው። ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር በነሐሴ 1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ኃይለኛ ዝናብ ያዛቸው፤ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ገለባ ላይ ሲያድሩ፣ በዕረፍት ወራት ባዶ የሚውሉት ትምህርት ቤቶች ማደሪያ ቢሆኑስ የሚል ሐሳብ መጣለት። በ1912 በአልቴና ግንብ ቋሚ የወጣቶች ማረፊያ ተከፈተ። የሀብታሙም የድሃውም ልጅ የሚተኛው አንድ ዓይነት ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። ከዚያ በ1972 የአውሮፓ የባቡር ድርጅቶች ኢንተርሬይልን አወጡ፤ እስከ 21 ዓመት ላለ ወጣት ለአንድ ወር በ21 አገሮች የሚያገለግል የሁለተኛ ማዕረግ ትኬት ነበር፤ በብሪታንያ ዋጋው 27 ፓውንድ ተኩል። ሁለት ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው ይህን ትኬት በኪሳቸው ከያዙ አንደኛው ፓሪስ ላይ ቢሰለቸው “አንተ ባርሴሎና ሂድ፤ እኔ አምስተርዳም ልሂድና ሐሙስ እንገናኝ” ማለት ይችላል። ግሬይ ያጣው ይህን ቃል ነው። መለየት ስለሚችሉ ነው አብረው የሚሰነብቱት።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ኪስ ቢስተካከልም ፓስፖርት አይስተካከልም። ይህን መመለስ አልችልም፤ ክርክሬ እዚህ ላይ ይቆማል። ፍራንክፈርት ተወልዶ የጀርመን ዜግነት ያለው የሐበሻ ልጅና ከአዲስ አበባ የሄደ የአጎቱ ልጅ አንድ ዓይነት ቦርሳ አዝለው፣ እኩል ዩሮ ይዘው ቢነሡ፣ የጀርመኑ ልጅ የሚያስበው የባቡሩን ሰዓት ብቻ ነው። ሌላው የባንክ ደብተር፣ የሆቴል ማስረጃና የጉዞ ዋስትና አቅርቦ የሼንገን ቪዛ ሲያገኝም በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ ለለንደን ደግሞ ሌላ ቪዛ አለ። ሌላ አገር ለሚሄድና የሚያስፈቅደው ሌላ ቪዛ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ኢትዮጵያዊማ፣ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል።