ፕሮሰሰር በምን ይፈተናል? የቤንችማርክ ታሪክ ለአሶሳ አንባቢ

ወርቅ በእሳት ይፈተናል ይባላል። ቤኒሻንጉል የወርቅ አገር ናትና አባባሉ ለአሶሳ ልጆች እንግዳ አይሆንም። ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ፕሮሰሰርስ በምን ይፈተናል? ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጊጋኸርዝ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ስለዚህ መሐንዲሶች “እስቲ ሥራ ስጡትና በስንት ሰዓት እንደሚጨርስ እንየው” አሉ። ቤንችማርክ የሚባለው ነገር ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከገንዘብ ጋር ተያይዞ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ መንግሥት ባለሙያ የነበረው ሃሮልድ ከርኖው፣ ብራያን ዊችማን የሰበሰበውን መረጃ ተጠቅሞ ዌትስቶን የተባለውን ፈተና ጻፈ። ዊችማን የሳይንስ ፕሮግራሞች የትኛውን ስሌት ስንት ጊዜ እንደሚደጋግሙ ቆጥሮ ነበር። ፈተናው ያንን ድብልቅ ይመስላል። መንግሥት ውድ ኮምፒውተር ከመግዛቱ በፊት የሻጩን ቃል በቁጥር ማረጋገጥ ይችላል ማለት ነው። በ1984 ደግሞ ራይንሆልድ ቫይከር በሙሉ ቁጥሮች ላይ የሚያተኩር ፈተና ሠራና “ድራይስቶን” አለው። “ዌት” በእንግሊዝኛ እንደ “እርጥብ” ስለሚሰማ “ደረቅ” ብሎ መቀለዱ ነው።

ታዲያ ፈተና ባለበት ሁሉ ፈተናውን ብቻ የሚያጠና ተማሪ አይጠፋም። ድራይስቶን በጣም ትንሽ ፕሮግራም ስለሆነ አንዳንድ ኮምፓይለሮች ውጤቱ የማይፈለገውን ስሌት ጭራሽ ይዘሉት ጀመር። ነጥቡ ይጨምራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ያው ነው! ይህን ለማስተካከል በ1988 ስፔክ የተባለ ድርጅት ተቋቋመና እውነተኛ ፕሮግራሞችን ሰብስቦ መፈተኛ አደረጋቸው። እዚያም ማትሪክስ300 የሚባለውን ፈተና ኮምፓይለሮች ልዩ ዘዴ አግኝተውለት ነጥቡ ከሌሎቹ ተለይቶ ተመነጠቀ። ስፔክም በ1992 እትሙ አወጣው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ አንድ ፈተና ብቻውን ምስክር አይሆንም።

አሁን ወደ ራሳችን ክልል እንምጣ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዓመት ይመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው ግን 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሁሉም ተርባይኖች ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅም ቢሠሩ ኖሮ 45,000 አካባቢ ይሆን ነበር። እናም አማካዩ ከጣሪያው 35 በመቶ ያህል ነው። ግድቡ ጎደለ ማለት ነው? በፍጹም። ዓባይ በክረምትና በበጋ እኩል አይፈስም። ከፍተኛው ቁጥር አንድ ነገር ይናገራል፣ የዘለቄታው ቁጥር ሌላ።

የላፕቶፕ ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የቱርቦ ፍጥነት ነው። ፕሮሰሰሩ ቀዝቃዛ ሳለ ለአጭር ጊዜ ብዙ ዋት ይወስድና ይሮጣል። ሲሞቅ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ምን ያህል ዋት እንደሚፈቀድለትና ማቀዝቀዣው ምን ያህል እንደሚችል የሚወስነው ደግሞ ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ ነው። ስለዚህ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ፕሮሰሰሮች በቀጭንና በወፍራም ላፕቶፕ ውስጥ እኩል አይሮጡም። አሶሳ ደግሞ የራሷን ትጨምራለች። ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ይበረታል፤ ከተማዋ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለችም አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ የሳሳ ነው። ሙቅና ስስ አየር ደግሞ ለፋን ሥራ ያከብድበታል።

እንግዲህ አዲስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ 4,200 ነጥብ አገኛችሁ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው ግን 5,000 ነው እንበል። የ16 በመቶ ጉድለት ነው። ሻጩን “አጭበርባሪ” ከማለታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። የፈተናው ስሪት አንድ መሆኑን እዩ። ቻርጀሩን ሰኩ፣ የኃይል ምርጫውን ከፍተኛው ላይ አድርጉ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉ። ከዚያ ፈተናውን ለአሥር ደቂቃ ደጋግማችሁ አስሩጡት። መጀመሪያ ጥሩ ሆኖ ቀስ በቀስ ከወረደ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። ገና ከጅምሩ ዝቅ ካለ የኃይል ገደቡን፣ ወይም ራሙ በአንድ ካርድ ብቻ መሆኑን ተመልከቱ። የፕሮሰሰሩ ስም ራሱ ከተነገራችሁ የተለየ ከሆነ ግን ያኔ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩ ምስክራችሁ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ማነጻጸሪያ ደግሞ ቅርባችሁ ነው። በ1979 ጃክ ዶንጋራ በሊንፓክ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ 23 ኮምፒውተሮችን በአንድ ስሌት ያወዳደረ ሠንጠረዥ አስገባ። ዛሬ የዓለምን ኃያላን ኮምፒውተሮች ደረጃ የሚያወጣው ቶፕ500 የተወለደው ከዚያ ልማድ ነው። እናንተም በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ውስጥ አምስት ላፕቶፖችን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፈተና ለኩና ሞዴሉን፣ የክፍሉን ሙቀትና ነጥቡን ደብተር ላይ አስፍሩ። ቀጥሎ ላፕቶፕ ለሚገዛ የአሶሳ ተማሪ ያቺ ገጽ ከሩቅ አገር ከመጣ ቁጥር ይበልጥ ትጠቅመዋለች።