የአጎቴ ሽጉጥና የሴቶች ኮርሴት

ለአጎቴ የሽጉጥ አፎት በእጄ ሰፋሁላቸው። ለገበሩ ነጭ፣ ለስለስ ያለ የበግ ቆዳ መረጥኩ፤ ለብረቱ የሚመች መስሎኝ። ክረምቱ ሲወጣ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና "በል እየው" አሉኝ። ዝጓል!

ጥፋቴን ሳጣራ አንድ የቆየ ታሪክ አገኘሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች ወገባቸውን ጥብቅ የሚያደርጉበት ኮርሴት ውስጡ የብረት ዘንግ ነበረው። ዘንጉን የሚሸፍኑት ልክ እንደኔ በአሉምና በጨው በለፋ ነጭ ቆዳ ነው። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ብረቱም ይዝጋል። ኒውዮርክ ውስጥ አውግስተስ ሹልትዝ የተባለ ሰው ለዚህ መላ ሲፈልግ ቆዳን በክሮም የማልፋት ዘዴ ላይ ደረሰ፤ በ1884 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ወሰደበት። ዛሬ አብዛኛው የዓለም ቆዳ የሚለፋው በክሮም ነው።

የሚገርመው፣ ብዙ አፎት ሰፊዎች ክሮሙንም ለገበር አያምኑትም፤ ጨው ይቀርበታል ይላሉ። የሚመርጡት በዛፍ ቅርፊት የለፋ ስስ ቆዳ ነው፣ ልስልሱ ገጽ ወደ ብረቱ ዞሮ። እሱም ቢሆን እርጥበት ይይዛልና ሽጉጥ አፎት ውስጥ አይከርምም።

በኛም አገር ቆዳ በዕፅዋት የሚያለፉ ባለሙያዎች አሉ። እኛ ግን "ፋቂ" እያልን ስንንቃቸው ኖርን። አዲሱን ገበር ከመቁረጤ በፊት አንድ አዛውንት ቆዳ አልፊ ዘንድ ሄድኩ። የበፊቱን ቁራጭ በምላሳቸው ነካ አድርገው "ጨው ነው ልጄ፣ ተወው" አሉኝ።

በቃ፣ ይቺን ለመስማት አንድ ሽጉጥ ማዛግ ነበረብኝ?