የዓባይ ተራ፦ ከሰናር ግድብ እስከ ኮምፒዩተር

ጥቁርና ነጭ ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ስለ ውሃ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የድርሻው መጠን ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የተራውን ታሪክ ልናነሣ እንወዳለን። ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በጥቁር ዓባይ ላይ የተሠራው የሰናር ግድብ በ1925 ሲጠናቀቅ የገዚራ ሜዳ በመስኖ ጥጥ ማምረት ጀመረ። ግብፅም ጥጥ ታመርት ስለነበረ ጥያቄው ወንዙ በሚያንስበት ወራት ማን ይውሰድ የሚል ሆነ። በ1929 ብሪታንያ ስለ ሱዳን ሆና ከግብፅ ጋር ባደረገችው ስምምነት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥር አጋማሽ እስከ ሐምሌ መግቢያ ያለው የተፈጥሮ ፍሰት ለግብፅ ብቻ ተለየ። ገዚራ በእነዚያ ወራት የሚያጠጣው በጎርፉ ጊዜ ከሰናር በስተኋላ ካጠራቀመው ነበር። የግብፅ መሐንዲሶችም እዚያው ሰናር ድረስ ሄደው ፍሰቱን የመለካትና መዝገቡን የማየት መብት ነበራቸው። በእኛ አስተያየት ተራውን ያስከበረው ከፊርማው ይልቅ ይህ የጋራ መዝገብ ነው።

የኮምፒዩተር ሊቃውንትም ይህንኑ ችግር በሌላ መልኩ አግኝተውታል። አለቃ የሌላቸው እኩያ ኮምፒዩተሮች በአንድ የጋራ መዝገብ ላይ እኩል ቢጽፉ መዝገቡ ይበላሻል። ግሌን ሪካርትና አሾክ አግራዋላ በ1981 ባሳተሙት ዘዴ መሠረት፣ መጻፍ የፈለገው ተራ ቁጥር ያለው ጥያቄ ለሌሎቹ ሁሉ ይልካል። ሁሉም እሺ ካሉት በኋላ ይገባል፤ ሁለት ጥያቄዎች ቢገጥሙ አነስተኛው ቁጥር ይቀድማል፤ የገባውም ሥራውን ሲጨርስ ላቆያቸው ፈቃዱን ይሰጣል። (ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት አራት ተማሪዎችና አንድ ጠመኔ ይበቃሉ።) ነገር ግን ከባለድርሻዎቹ አንዱ ሳይጠየቅ ቢቀር ሁለት ጸሐፊዎች ባንድነት ሊገቡ ይችላሉ። የተጠየቀው ዝም ቢል ደግሞ ሁሉም ቆመው ይቀራሉ።

የ1929ን ስምምነት በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ጉድለቱ ከተጠያቂዎቹ ዝርዝር ላይ ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ሲሆን ኢትዮጵያን የጠየቀ አልነበረም። በ1957 መብቷን የምታስጠብቅበትን ማስታወሻ ብታቀርብም፣ በ1959 ግብፅና ሱዳን 55.5 ቢሊዮንና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለሁለት ተካፈሉ። ይህን ውል የሚከታተለው ቋሚ የቴክኒክ ኮሚሽን መቀመጫው ካርቱም ሆነ።

ሦስቱ አገሮች በአንድ ሰነድ ላይ የፈረሙት ማርች 23 ቀን 2015 ነው፤ ቦታውም ያው ካርቱም ነበር። ስለ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከተስማሙባቸው አሥር መርሆች አንዱ መረጃ መለዋወጥን ይመለከታል። በእርግጥ ኃይል የሚያመነጭ ግድብ ውሃውን ለእርሻ አያውልም፤ ተርባይኑን ካዞረ በኋላ ይለቀዋል። ይሁን እንጂ የሚለቀቅበት ሰዓት ለታችኛው ባለግድብ ትልቅ ነገር ነው። በጁላይ 2020 የመጀመሪያው ሙሌት ሲካሄድ የሱዳን የመስኖ ሚኒስቴር በድንበሩ አጠገብ ባለው በኤል ዴይም ጣቢያ ፍሰቱ በቀን 90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን አስታወቀ። ግድቡ በሴፕቴምበር 2025 ሲመረቅም ሦስቱ አገሮች የአሞላልና የአሠራር ደንብ አልፈረሙም ነበር። የሱዳኑ የሮሴይረስ ግድብ ከሕዳሴው ግድብ ያለው ርቀት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሮሴይረስ መሐንዲስ በሩን ከመክፈቱ ወይም ከመዝጋቱ በፊት ከላይ ዛሬ ስንት እንደተለቀቀ ማወቅ አለበት።