ከሬኪ በፊት ምን ይጠጣ? የአንድ ምክር ታሪክ



ሰሞኑን ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ በድምፅ መልእክት አንድ የቤት ሥራ ሰጠችኝ። "አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ ይኼን አጣራልኝ" ትላለች። የሥራ ባልደረባዋ ሬኪ ወደሚባለው "የኃይል ፈውስ" ልትወስዳት ቀጠሮ ይዛላታለች። ፈዋሹ ደግሞ ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ቡና እንዳትነካ፣ አልኮል እንዳትቀምስ፣ ከውሃና ከቅጠላ ቅጠል ሻይ በቀር ምንም እንዳትወስድ አዟታል። "የጥንት የጃፓን ሥርዓት ነው" ተብላለች።

አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። የመልእክቷ መጨረሻ ነው ያስደነገጠኝ፦ "ምንም አትውሰጂ ከተባልኩ ኪኒኑንስ ልተወው ነው?"

እኔም ወደ ታሪኩ ገባሁ። መጀመሪያ ያወቅኩት ነገር፣ ሬኪ "ጥንታዊ" የሚባል አለመሆኑን ነው። መሥራቹ ሚካኦ ኡሱዪ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1865 ሲሆን፣ በኪዮቶ አቅራቢያ ባለው የኩራማ ተራራ ላይ 21 ቀን ጾሞ፣ በእኛ አነጋገር ሱባኤ ገብቶ፣ የፈውስ ኃይል አገኘሁ አለ። በ1922 ቶኪዮ ውስጥ ማስተማርና እጁን እየጫነ ማከም ጀመረ። በ1923 ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ሲያወድማት ለተጎዱት ደረሰ፤ ስሙም ገነነ። በ1926 አረፈ። ደቀ መዛሙርቱ በማግስቱ ዓመት ቶኪዮ ውስጥ ባቆሙለት የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ ሕይወቱ ተቀርጿል። ጾሙ አለ፣ መሬት መንቀጥቀጡ አለ፣ አትቆጣ፣ አትጨነቅ፣ አመስግን የሚሉት የኑሮ መመሪያዎቹም አሉ። ታካሚው ከመምጣቱ በፊት ምን እንደሚጠጣ ግን ድንጋዩ አንዳች አይናገርም። የጾመው መምህሩ እንጂ ታካሚው አልነበረም።

ታዲያ ሬኪ እንዴት አሜሪካ ገባ? ከኡሱዪ ተማሪዎች አንዱ ቹጂሮ ሃያሺ የተባለ የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር፤ ቶኪዮ ውስጥ የራሱን ክሊኒክ ከፈተ። በ1935 ከሃዋይ የመጣች ሃዋዮ ታካታ የምትባል የታመመች ሴት እዚያ ታከመች። ታካታ የጃፓን ስደተኞች ልጅ፣ ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። ሙያውን ተምራ በ1937 ወደ ሃዋይ ተመለሰች። ከእጅ መጫኑ ጎን ለጎን የአመጋገብ ምክርም ትሰጥ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከፐርል ሃርበር በኋላ አሜሪካ ውስጥ ጃፓናዊ የሆነ ነገር ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ታካታ ስትተርከው የኖረችው ታሪክ ኡሱዪን ኪዮቶ የሚገኘው የዶሺሻ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ኃላፊና በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ያደርገዋል። በኋላ የመረመሩ ሰዎች በሁለቱም ቦታ ስሙን አላገኙም። ታሪኩ ለአዲሱ አገር እንዲመች ተሰፍቶ ነበር ማለት ነው። ታካታ የመምህርነት ደረጃ ለማስተማር 10,000 ዶላር ታስከፍል ነበር፤ በ1980 ስታርፍ 22 መምህራንን አፍርታለች። ከዚያ በኋላ ሬኪ በየማሳጅ ቤቱና በየስፓው ገባ። "ቡና ተው፣ ውሃ ጠጣ፣ መርዙ ይውጣ" የሚለው ቋንቋም የእነዚህ ቤቶች ቋንቋ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። በጃፓን የሻይ ታሪክ ውስጥ ኤይሳይ የተባለው የዜን መነኩሴ በ1191 ከቻይና የሻይ ዘር ይዞ ተመለሰ፤ በ1211 ደግሞ ሻይ ለጤና ያለውን ጥቅም የሚያወድስ መጽሐፍ ጻፈ። መነኮሳቱ ሻይ የሚጠጡት በተመስጦ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎችም የሌሊቱን ዚክር የሚያድሩት ከእኛው ምድር በተገኘው ቡና ነበር። በጃፓንም በየመንም ካፌይን የጸሎት ረዳት እንጂ ጠላት አልነበረም።

ምክሩ ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ቡና ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ለአንድ ሰዓት ጋደም ብሎ ለመዝናናት ለሚሄድ ሰው ስኒውን ቢቀንስ ይጠቅመው ይሆናል። አልኮል መተውም ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት ይጀምረዋል። ይኼ የታወቀ የሱስ ምልክት ነው። ፈዋሹ ዘንድ ግን "መርዙ እየወጣ ነው፣ ሕክምናው እየሠራ ነው" ተብሎ ይተረጎማል። ምክሩ ራሱ ያመጣው ሕመም የፈውሱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል! ደማችንን ሌት ተቀን የሚያጸዱት ደግሞ ጉበትና ኩላሊታችን ናቸው። ሬኪ የትኛውንም በሽታ እንደሚያድን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃም እስከ ዛሬ አልቀረበም።

ይህን የምለው በጃፓኖች ለመሳለቅ አይደለም። እኛም ጸበል በባዶ ሆድ የምንጠጣ ሕዝብ ነን። ጸበል ከጀመርኩ መድኃኒት አልወስድም በማለት የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ወገኖች ነበሩን። በዚያ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጸበሉ እንደማይጣሉ፣ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ አስተማሩ። የእምነት አባት እንኳ "መድኃኒትህን አትተው" ካለ፣ በሰዓት የሚከፈለው ፈዋሽ ይህን ለማለት ምን ይከለክለዋል?

ለአክስቴ የመለስኩት አጭር ነበር። "ሬኪው ደስ ካለሽ ሂጂ። ውሃ ጠጪ፣ ጥሩ ነው። ግን ስኳር ያለበት ሰው ኪኒኑን በገዛ ፈቃዱ ቢያቆም ስኳሩ ይወጣል፤ አንዳንዱን መድኃኒት ወስዶ ምግብ ቢተው ደግሞ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ።"

ከሦስት ቀን በኋላ ደወለች። ሐኪሟ ኪኒኗንም ቁርሷንም እንዳትተው አስጠንቅቋታል። ቁርሷን በልታ፣ ኪኒኗን ውጣ፣ አንድ ስኒ ቡናም ጠጥታ ሄደች። "እንዴት ነበር?" አልኳት። "እጁን ጫነብኝ፤ እኔም ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ" ብላ ሳቀች።

የሚታከም ዘመድ ካላችሁ "ምን እንዳትወስድ ተባልክ?" ብላችሁ ጠይቁት። ያቋረጠው መድኃኒት ካለ ዛሬውኑ ሐኪሙ ዘንድ ይደውል።