ከእንጦጦ የሚወርድ ጎርፍና ስሌቱ

ቀበናን የመሰሉ የእንጦጦ ወንዞች ከላይ በጠባብ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ ውሃቸው አቃቂ ሜዳ ሲደርስ ግን በክረምት ሞልቶ ይንጣለላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ተራራው ለማገዶና ለግንባታ ተመንጥሮ ነበር። በኋላ የተተከለው ባሕር ዛፍም ከሥሩ ሣር እምብዛም ስለማያበቅል ውሃውን በደንብ አያዘገይም።

እንዲህ ያለው ጎርፍ የሚሰላበትን ዘዴ መሠረት ፈረንሳዊው ሳን ቬናን እ.ኤ.አ. በ1871 ጣለ። መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ ወንዙን ያሰሉት በርዝመቱ ብቻ ነበር። ይህ ለሸለቆ ይበቃል፤ በየአቅጣጫው ውሃ ለሚተኛበት ሜዳ ግን አይሆንም። ስለዚህ በርዝመት ብቻ የሚሰላው የወንዙ ስሌትና በሁለት አቅጣጫ የሚሰላው የሜዳው ስሌት ተጣመሩ። መጋጠሚያቸው የወንዙ ዳር ነው፦ ውሃው ከዳሩ ከፍ ሲል ትርፉ በግድብ አናት እንደሚያልፍ ተቆጥሮ ወደ ሜዳው ይገባል፤ የሜዳው ውሃ ከበለጠም ወደ ወንዙ ይመለሳል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የዳሩ ከፍታ ልኬት ነው። በነጻ የሚገኘው ሄክ-ራስ የተባለው የጎርፍ ማስያ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሜዳውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ2016 አካተተ።