የአቡነ ያዕቆብ ዕለት

እንግዲህ አድምጡ። ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር 1860 ነው፤ ወሩም ጁላይ፣ የምጽዋ ቆላ እሳት የሚተፋበት ወቅት። ትኩሳት የያዛቸው አንድ ጳጳስ ደቀ መዛሙርታቸውን ይዘው ወደ ሐላይ ደጋ ያቀናሉ። አሊጌዴ ከሚባለው ሸለቆ ሲደርሱ አቅም ከዳቸው። ልጆቻቸውን መክረው፣ ባርከው፣ ራሳቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው በጁላይ 31 ቀን ዐረፉ። አስከሬናቸውም ሄቦ ተቀበረ።

እኚህ ሰው በ1800 በደቡብ ኢጣሊያ፣ ሳን ፌሌ የተወለዱት የላዛሪስት ማኅበር ካህን፣ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ናቸው። የአገሬው ሰው ግን አቡነ ያዕቆብ ነው የሚላቸው። በ1839 ዐድዋ ገብተው የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ የግዕዙን ሥርዓተ ቅዳሴ አክብረው ያዙት እንጂ በላቲን ልለውጠው አላሉም። ይህን አጥብቄ እወድላቸዋለሁ። ጵጵስናውን ሲሸሹት ቆይተው በ1849 ምጽዋ ላይ በሌሊት፣ በድብቅ ተቀበሉ።

ደግሞ ሌላ ሰው አለ። በ1841 የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ እንዲመጣላቸው ወደ ካይሮ መልእክተኞች ሲልኩ፣ ከመካከላቸው አንድ ዐይናቸው የጠፋ የጎጃም ሊቅ ነበሩ፤ የመርጡለ ማርያሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል። አቡነ ያዕቆብም አብረው ወጡ። መንገዱ ከካይሮ አልፎ ሮም፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት አደረሳቸው። አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ቀሰሱ። በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ለፍርድ ቀረቡ። እምነትዎን ይተው ቢባሉ፣ አሻፈረኝ አሉ። ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ይማሯቸው ብሎ ለመነላቸውና ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ያ ሽማግሌ ገላ በሰንሰለት ተጠፍሮ ከሠራዊቱ ኋላ ሲጎተት ከርሞ፣ ኦገስት 28 ቀን መንገድ ላይ ወደቀ።

አሁን ወደ ርእሴ፣ ወደ በዓላቸው ቀን ልምጣ። ቤተ ክርስቲያን ቅዱስን የምታስበው አብዛኛውን ጊዜ ባረፈበት ቀን ነው፤ ሞቱን በሰማይ እንደ መወለድ ትቆጥረዋለች። ታዲያ ጁላይ 31 ቀድሞ የተያዘ ነበር፤ በ1556 ያረፈው የሎዮላው ኢግናጥዮስ አለበት። ስለዚህ የአቡነ ያዕቆብ በዓል በዋዜማው፣ በ30 ሆነ። ኦገስት 28ም የአውግስጢኖስ ነው። የአባ ገብረ ሚካኤልን በዓል ላዛሪስቶች ሁለት ቀን ገፍተው በ30 ያከብራሉ። መምህርና ደቀ መዝሙር ለትልልቆቹ ቦታ ለቀቁ።

ሕጉን ካየነው፣ ሁለቱም ከታዘዙት በዓላት ውስጥ የሉም። በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ለሁሉም በጋራ የሚያዝዘው፣ ከእሑድ ሌላ፣ ልደትን፣ ጥምቀትን፣ ዕርገትን፣ የእመቤታችንን ዕረፍትና የጴጥሮስ ወጳውሎስን በዓል ነው። የላቲኑ ሕግ ዐሥር ይቆጥራል፤ እዚያም ስማቸው የለም። ሆኖም ማንም ሳያስገድደው ሄቦ ድረስ የሚወጣ ምእመን አለ። ቀርቶብህ ኃጢአት የማይሆንብህን ቅዳሴ ፍለጋ ዳገት መውጣት፣ ለእኔ ከየትኛውም ትእዛዝ የበለጠ ምስክር ነው።

አቡነ ያዕቆብ በ1975 በጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተባሉ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን ከ1926 ጀምሮ ብፁዕ እንደ ተባሉ ናቸው። ቅድስናቸው የሚታወጅበትን ቀን ከሚጠባበቁት አንዱ እኔ ነኝ።