በገናና የተጨነቀ ልብ

ሙዚቃ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሠርግን፣ ጭፈራንና የበዓል ቀንን ነው። ነገር ግን ሙዚቃ ላዘነና ለተጨነቀ ሰው ምን ይጠቅማል ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ፣ መልሱን ከአባቶቻችን ቤት፣ ከበገና ታሪክ እናገኘዋለን።

ስለዚህ ነገር ከተጻፈው ሁሉ እጅግ የታወቀው ታሪክ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 16 ይገኛል። ንጉሥ ሳኦልን ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ አገልጋዮቹ በገና መደርደር የሚያውቅ ሰው እንዲፈለግለት መከሩት። እረኛው ዳዊትም መጥቶ በደረደረለት ቁጥር ንጉሡ ዕረፍት ያገኝ ነበር። እኛ በታችኛው ክፍል ሳለን ይህን ታሪክ ያጠናነው የፈረንጅ ሃርፕ ከተሣለበት መጽሐፍ ነበር። ኋላ ግን የዳዊት መሣሪያ በዕብራይስጥ «ኪኖር» የሚባል፣ ከክራርና ከበገና ወገን የሆነ እንደ ነበረ ተረዳን። የአገራችን ትውፊትም በገናን ከኢየሩሳሌም ያመጣው ቀዳማዊ ምኒልክ ነው ይላል።

በገና ዐሥር አውታሮች አሉት፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም በዐሠርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል። አውታሮቹ በልማድ ከበግ አንጀት የሚሠሩ ናቸው። በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ፣ ድምፁ ወፍራምና የሚርገበገብ ይሆናል። ደርዳሪውም ጮኾ አይዘፍንም፤ ዝግ ባለ ድምፅ ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ያንጐራጕራል። በበገና አይጨፈርም፤ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ወራት በጸጥታ ይደረደራል። በገናን የሚማሩትም ካህናት ብቻ አልነበሩም፤ መኳንንትና ወይዛዝርትም ይማሩት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። በገና ያዘነውን ሰው «አትዘን፣ ሳቅ» አይለውም። ሥራው የለቅሶ ደራሽን ሥራ ይመስላል። ለቅሶ ደራሽ የሞተውን አያስነሣም፤ ነገር ግን ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን አጠገቡ ይቀመጣል። በገናም እንዲሁ ከኀዘናችን ጋር ይቀመጣል፤ ብቻችንን አለመሆናችንን ባወቅን ጊዜም ልባችን ያርፋል።

ሆኖም ሙዚቃ ሁሉን ያድናል ብለን ብንጽፍ ታሪኩን እናጎድላለን። በዚያው መጽሐፍ በምዕራፍ 18 ዳዊት እየደረደረለት ሳለ ሳኦል ጦር ወረወረበት። ቅንዓት የያዘው ልብ በድምፅ ብቻ አልተፈወሰም። ስለዚህ ሙዚቃ ጭንቀትን ያቀልላል እንጂ የወዳጅን፣ የመካሪንና የሐኪምን ቦታ አይተካም።

ይህን የጥንት ዕውቀት የዘመኑ ሕክምናም ተቀብሎታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቈሰሉ ወታደሮች በአሜሪካ ሆስፒታሎች በተኙ ጊዜ ሙዚቀኞች እየሄዱ ይጫወቱላቸው ነበር። ለዚህ ሥራ መልካም ፈቃድ ብቻ እንደማይበቃና የሠለጠነ ሰው እንደሚያስፈልግ ስለ ታወቀ፣ በ1944 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ስቴት ኮሌጅ በሙዚቃ የማከም ትምህርት ተጀመረ፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ የባለሙያዎቹ ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬም ከኦፕራሲዮን በፊት ሙዚቃ መስማት የበሽተኛውን ፍርሃት ሊቀንስ እንደሚችል በምርምር ታውቋል።

ሌሎች ይህን መንገድ ሲጀምሩ እኛ ግን በገናን ልናጣው ጥቂት ቀርቶን ነበር። በእንጦጦ ያደጉት አቶ ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው በገናን ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረው፣ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ ግን ሃይማኖታዊ ዜማ ከራዲዮ ራቀ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ የበገናው ትምህርት ተቋረጠ። ብዙ እናቶች ባለቀሱበት ዘመን የሚያጽናናው መሣሪያ ዝም አለ ማለት ነው። ነገር ግን በየቤታቸው የያዙት ሰዎች አልተዉትምና ሥርዓቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ካለፈ በኋላ በገና እንደ ገና ተነሣ። አሁን በአዲስ አበባ ወጣት ወንዶችና ሴቶች ይማሩታል።

እኛም የዘንድሮ ተመራቂዎች የፈተና ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣውን ጭንቀት እናውቀዋለን። ከመካከላችን ዝም ብሎ የሚጨነቅ ጓደኛ እንደሚኖርም እናውቃለን። ስለዚህ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ሆይ፣ ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ከኳሱና ከመጻሕፍቱ ጐን አንድ በገናና አንድ የበገና መምህር እንዲያገኝ በትሕትና እንለምናለን። እኛ ሄደን ብንማረው አይደርስልንም፤ ከኋላችን ለሚመጡት ታናናሾቻችን ግን ይደርሳል።